ከዋንዛው መዝጊያ በኋላ

ባለፈው ጥር የወንድሜ ልጅ ጌትነት ባጃጅ ይዞ ከተማው ውስጥ ግሽ አባይ ሰፈር ከምኖርበት ቤት መጣ። ዘንዘልማ ላይ በቀረችን ቁራሽ መሬት ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለማው እሱ ነው። ሻዩን ጠጥቶ እስኪጨርስ ስለ ልጆቹ ሲያወራኝ ቆየና፣ «አክስቴ፣ የቦዩን መዝጊያ ልንቀይረው ነው። ብረቱ ከሥሩ ተበልቶ አልቋል። ሰዎቹ እርስዎም ቢገኙ ይላሉ» አለኝ።

«እኔ ምን ላደርግላችሁ?»

«ብረቱ ሲተከል የነበረ ሰው ሌላ የለማ።»

እውነቱን ነው፤ ሌላ የለም። ነጠላየን ለበስሁና ወጣሁ።

ዘንዘልማ በልጅነቴ ከከተማው የራቀች አገር ነበረች። አሁን የአባይን ድልድይ ከተሻገሩ በኋላም ከተማው አያልቅም። በቆሎ ይዘራበት የነበረው ቦታ ላይ ያልተለሰነ የብሎኬት ቤት ቆሟል፤ መስኮቱ በቆርቆሮ ተሸፍኗል፤ ከግድግዳው ሥር ደግሞ አንድ ሰው ጎመን ይኮተኩታል። ገበሬውና አዲሱ ባለቤት ገና ያልተለያዩበት አገር ነው የሚመስለው።

ከቦዩ ራስ ስንደርስ ወጣቶቹ በዲጅኖ ሲሚንቶውን እየፈለፈሉ ነበር። ብረቱ ተወላግዶ ተነቀለ። ከላይ ታግዶ የቀረው ጥቂት ውሃ በተከፈተው በኩል ቀስ ብሎ ወረደ፤ ድምፁ እምብዛም አይሰማም፤ ሰው በሌላ ክፍል ሆኖ የሚያንሾካሹክ ይመስላል። ያንን ድምፅ ከሰማሁ ብዙ ዘመን ሆኖኝ ነበር።

«ብርድ መታዎት እንዴ አክስቴ?» አለ ጌትነት።

«አዎ» አልሁት።

አባቴ የውሃ አባት ነበር። በኛ አገር የውሃ አባት የሚባለው ከወንዙ የተጠለፈውን ውሃ ለባለማሳዎቹ በተራ የሚያድል ሰው ነው። ራሳቸው ይመርጡታል፤ ከተመረጠ በኋላ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ቆሞ ይምላል። አባቴ የማለው መሐላ ሁለት ነገር ነበረው። ለዘመድ አላደላም፤ ተጠርቶ ላልመለሰ ውሃ አልለቅም። ሁለተኛው ለማያውቅ ሰው ጭካኔ ይመስላል፤ ምክንያት ግን አለው። ተቀባይ ሳይኖር የተለቀቀ ውሃ ትልሙን ደርምሶ የጎረቤትን ዘር ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ጎሕ ሲቀድ አባቴ ከመዝጊያው አጠገብ ቆሞ የባለተራውን ስም ይጠራል። ባለተራው ከማሳው ራስ ሆኖ «አለሁ» ይላል። መዝጊያው የሚነሣው ያን ጊዜ ነው። ተደጋግሞ ተጠርቶ ያልመለሰን ተራው ያልፈዋል።

ቤታችን ከቦዩ ብዙ አይርቅም ነበርና እነዚህን ድምፆች ከመኝታየ ሆኜ እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ሰው በአመላለሱ ይታወቃል። አንዱ እንደተቆጣ ሰው ይመልሳል፤ አንዱ አስቀድሞ ይስላል። የእትየ ይታይሽ ልጅ ልጃለም ግን ቃሉን ይጎትተውና መጨረሻው ላይ ከፍ ያደርገዋል። «አለ...ሁ?» ይላል፤ መኖሩን የሚጠይቅ እንጂ የሚናገር አይመስልም። አባቴ ሁልጊዜ ይስቅበት ነበር።

ያን ጊዜ መዝጊያው ከዋንዛ ሳንቃ የተሠራ ነበር። ማን እንደሠራው የሚያውቅ የለም። ሳንቃዎቹ ተሸራርፈው በመካከላቸው ጣት ያስገባል። አባቴ በሐይቁ ደንገልና በጭቃ ይደፍነዋል፤ ውሎ ሳያድር እንደገና ያፈሳል። የሚያፈሰው ውሃ ቀንም ሌትም በቦዩ ወለል ላይ ቀስ እያለ ይወርድና ከመጨረሻው ማሳ ይገባል። የመጨረሻው ማሳ የእትየ ይታይሽ የጌሾ አትክልት ነበር።

እትየ ይታይሽ ባላቸው አያ ታከለ ከሞተ በኋላ ልጃለምን ብቻቸውን ያሳደጉ ሴት ናቸው። ረጅም ነበሩ፤ ራሳቸውን ሁልጊዜ በጥቁር ሻሽ ያስራሉ፤ ያለ ሻሽ ያያቸው ሰው አልነበረም። ከትምህርት ቤት ስንመለስ ከግቢያቸው ጎራ እንል ነበር። ሲኖራቸው የዳጉሳ ቂጣ በኑግ ቀብተው ይሰጡናል፤ ሳይኖራቸው ከግቢያቸው ዛፍ የዘይቱን ፍሬ አውርደን እንድንበላ ይፈቅዱልናል። ቤታቸው የደረቀ ጌሾ ይሸታል። መራራ ሽታ ነው፤ ደስ ይለኝ ነበር።

ልጃለም ከኔ ጋር እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማረ። ድልድዩን ጧትና ማታ አብረን እንሻገር ነበር። ከዚህ የበለጠ የምለው የለኝም። ከዚያ እሱ ለእናቱ ሊያርስ ቀረ፤ እኔ ቀጠልሁ። መሬት ሲደለደል የገበሬ ማኅበሩ ማሳቸውን በሱ ስም አደረገው፤ የውሃው ተራም በሱ ስም ሆነ።

አንድ ቅዳሜ ጌሾ ሊሸጥ ገበያ እንደወረደ ከሌሎች ጎበዞች ጋር ተይዞ ለዘመቻ ወደ ሰሜን ተጫነ። ለእናቱ የተመለሰላቸው የጌሾው እስር ብቻ ነው፤ አጠገቡ ጨርቅ ይሸጥ የነበረ ነጋዴ በአህያው ጭኖ አመጣላቸው። ከዚያ በኋላ ወሬ የለም። በዚያው ወር የተወሰዱት አንዳንዶቹ በሰው በሰው ሰላምታ ልከዋል። ከሱ ግን ምንም።

ደንቡ እንዲህ ነበር። በተራ ላይ ያለ ስም የሚቀየረው ባለቤቱ ሲሞት ወይም በራሱ አፍ «ለእገሌ ሰጥቻለሁ» ሲል ብቻ ነው። ልጃለም በአፉ ለማንም አልሰጠም፤ ከገበያ የተወሰደ ሰው ምን ጊዜ አገኘና። አባቴ በየተራው ስሙን ይጠራል፤ መልስ የለም፤ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ጌሾው ግን አልተጎዳም። ሳንቃው ያፈሳላ። የሚያፈሰው ውሃ የማንም ተራ ስላልነበረ ማንም አይጠራበትም፤ ማንም አይመልስበትም። አባቴ ይህን ያውቃል፤ እትየ ይታይሽ ያውቃሉ፤ ሌላውም ሰው ያውቃል። አንድም ቀን ሲነገር ግን አልሰማሁም።

ከላይ ያሉት ባለማሳዎች ስለ ሳንቃው ያማርሩ ነበር። ውሃው በከንቱ እየፈሰሰ ወንዙ በበጋ ይከሳል፤ ተራቸው ሳይደርስ ችግኙ ይጠወልጋል። ቅሬታቸው ትክክል ነበር። አባቴ ራሱ በእግሩ እየተመላለሰ ከእርሻ መሥሪያ ቤቱ ደጅ ጠና። ከጥምቀት በኋላ አንድ ወጣት ባለሙያ በመኪና የብረት መዝጊያ አመጣልን። ወንዶቹ ሁሉ ወጡ፤ አሸዋ ከወንዙ አወጡ፤ ሲሚንቶ አቦኩ፤ የዋንዛውን ሳንቃ ነቅለው ከዳር ጣሉት። ብረቱ በሲሚንቶው መካከል ሲወርድ አንድ ጊዜ ጓ አለና ዝም አለ። ሁላችንም ቦዩን ቁልቁል አየን። ወለሉ መድረቅ ጀመረ።

አያ ድረስ የሚባል ጎረቤታችን ሰው አስመስሎ በመናገር የታወቀ ነበር። ቄሱን ያስመስላል፤ አባቴን ያስመስላል፤ ሊቀመንበሩን እንኳ በሚታመን ሰው ፊት ያስመስላል። ባለሙያው ገና ከመኪናው ሳይገባ አያ ድረስ አንገቱን አስግጎ፣ «እንግዲህ ይህ ቴክኒክ ነው፤ ጠብታ አያሳልፍም» አለ በወጣቱ ድምፅ። ባለሙያው ራሱ ሳቀ።

እትየ ይታይሽ ከዳር ቆመው ነበር።

«ጭራሽ አያፈስም?» አሉ።

«ጭራሽ!» አለ አባቴ። ደስ ብሎት ነበር የተናገረው። ከዚያ ዞሮ ማን እንደጠየቀው አየ። ደስታው ከፊቱ ላይ ሲወርድ አየሁት።

ያ በጋ ለብዙ ሰው መልካም ሆነ። ጠብ ቀነሰ፤ ሽንኩርቱ አማረ። መጋቢት ሲገባ ግን የጌሾው ቅጠል ከዳር ከዳሩ ቢጫ ይሆን ጀመር። እትየ ይታይሽ ከወንዙ በእንስራ እየቀዱ ያጠጡ ነበር። ጌሾ በእንስራ አይድንም፤ እሳቸውም ያውቁታል። ከጌሾው ሌላ መተዳደሪያ አልነበራቸውም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አባቴ፣ «ነይ አብረሽኝ» አለኝና ቤታቸው ሄድን። ብቻውን መሄድ የፈራ መሰለኝ። ከደጃፉ ተቀመጥን።

«ይታይሽ፣ ተራው ባንቺ ስም ይዙር። ሰዎቹን እኔ አናግራለሁ፤ እንቢ የሚል የለም» አለ።

«በኔ ስም እንዲዞር ምን ተብሎ?»

አባቴ መሬቱን ያይ ጀመር።

«ምን ተብሎ ነው አያ ወርቁ? ንገረኛ።»

«ያው እንግዲህ... ደንቡን ታውቂዋለሽ።»

«አውቀዋለሁ» አሉ። ድምፃቸው አልጨመረም፤ አልቀነሰም። «ልጄን ገድየ ጌሾ አላጠጣም።»

ከዚያ ተነሥተው ዘይቱን በሰፌድ አቀረቡልን። እኔ በላሁ። አባቴ አንዱን አንሥቶ በእጁ ሲያገላብጥ ቆይቶ መለሰው።

ስንመለስ፣ «ዝም ብለህ ብትለቅላቸውስ?» አልሁት።

«መሐላየስ? ዛሬ አዝኜ ለሷ ከለቀቅሁ ነገ ወድጄ ለወንድሜ እለቃለሁ።» ጥቂት እንደሄድን ደግሞ፣ «አሮጌው መዝጊያ ከኔ የተሻለ ዳኛ ነበር» አለ። የተናገረው ለኔ አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ የልጃለም ተራ በመጣ ቁጥር አባቴ ስሙን ከሌሎቹ አስረዝሞ ይጠራ ጀመር። «የታከለ ልጅ፣ ልጃለም!» ይላል። ዝም ይላል። እንደገና ይጠራል። ጠርቶ የሚጠብቀው ጊዜም ረዘመ። እኔም በመኝታየ ሆኜ አብሬው እጠብቃለሁ። ወፎቹ እንኳ ያን ጊዜ ዝም የሚሉ ይመስለኝ ነበር፤ ዝም አይሉም ነበር፤ ግን ይመስለኝ ነበር። ልጃለም የሞተ መሆኑን ያመንሁት በዚያ ዝምታ ውስጥ ነው። ያለ መሆኑን ያመንሁትም በዚያው ነው። ስሙ እስከተጠራ ድረስ ሁለቱም ይቻላል።

ከላይ ማሳ ያለው አንድ ሰው ቦይ ስንጠርግ፣ «በየጊዜው የሙት ተራ ስንጠብቅ ፀሐይ ይወጣብናል» አለ። አያ ድረስ አካፋውን ሳያቆም፣ «አንተ በሕይወትህ ተጠርተህ መቼ ትሰማለህ? ሚስትህ ናት የምትሰማልህ» አለው። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ነገሩ ታለፈ። አያ ድረስ ግን አልሳቀም ነበር።

ሚያዝያ ሆነ። ለፋሲካ ትምህርት ተዘግቶ ነበርና አንድ ጧት ለአባቴ ቆሎና ውሃ ይዤ ከመዝጊያው ሄድሁ። ከጣና በኩል ጉም ተኝቷል፤ እርጥብ ደንገል የሚሸት ነፋስ ይመጣል። የልጃለም ተራ ነበር። አባቴ አንድ እጁን ብረቱ ላይ አድርጎ ጠራ። ጠበቀ። እንደገና ጠራ።

«አለ...ሁ?»

ከጌሾው መካከል ነው የመጣው። የተጎተተው፣ መጨረሻው ከፍ ያለው፣ ራሱ ነበር። ቆሎው ከእጄ ወደቀ። አባቴ ወደኔ አላየም። ፊቱ አመድ መሰለ፤ እጆቹ ግን የለመዱትን አደረጉ። ተጠርቷል፤ ተመልሷል። ብረቱን አነሣው። ውሃው ገፍቶ ወጣ።

ወዲያው ታች የእትየ ይታይሽ በር ተበርግዶ ሲከፈት ሰማን። እኔና አባቴ በቦዩ ዳር ከውሃው ጋር እኩል ሮጥን። ስንደርስ እሳቸው በባዶ እግራቸው ከጌሾው መካከል ቆመዋል። ነጠላ አልለበሱም። ሻሻቸውን አላሰሩም፤ ጸጉራቸው ግማሹ ነጭ መሆኑን ያን ቀን አየሁ። ቅርንጫፉን በሁለት እጃቸው እየገለጡ፣ «የታለ? የት ገባ?» ይላሉ። «ልጃለም! የት ገባህ?»

አያ ድረስ ከጌሾው ሥር ተነሣ። ጉልበቱ ጭቃ ነበር።

«እትየ... እኔ ነኝ» አለ። «ውሃው እንዲመጣ ብየ ነው።»

ይጮኻሉ ብየ ጠበቅሁ። ይረግሙታል ብየ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን ወደሱ ተጠጉና አፉን ትኩር ብለው አዩት። ዓይኑን ሳይሆን አፉን።

«እንዴት አስመሰልኸው» አሉ።

«ይቅር ይበሉኝ እትየ።»

«እስቲ ድገመው።»

አያ ድረስ ወደ አባቴ ዞረ።

«አልችልም እትየ።»

«አንድ ጊዜ ብቻ። አንድ ጊዜ፣ ድረስ።»

ሞከረ። የወጣው የራሱ ድምፅ ነበር፤ የተሰነጠቀ። ጉሮሮውን ጠርጎ ደግሞ ሞከረ። ያ አገሩን ሁሉ ሲያስመስል የኖረ ሰው አንዲት ቃል አልወጣ አለችው። እሳቸው አንገታቸውን ወደሱ ዘንበል አድርገው ይጠብቃሉ። እኔ ፊቴን አዞርሁ።

«ተወው» አሉ በመጨረሻ። «ተወው ልጄ፣ አትልፋ።» ያን ጊዜ ውሃው ከእግራቸው መድረሱን አዩ። መቆፈሪያቸውን ከአጥሩ አነሡና እንደዚያው እንዳሉ፣ ራሳቸውን ሳይሸፍኑ፣ ውሃውን ከጌሾ ወደ ጌሾ ይመልሱ ጀመር። አባቴ ሊረዳቸው እጁን ሲዘረጋ በዓይናቸው ከለከሉት። ትተናቸው ሄድን።

አባቴ ያን ቀን ከነፍስ አባቱ ዘንድ ሄዶ እስኪመሽ ቆየ። ምን እንዳላቸው፣ ምን እንዳሉት፣ አልነገረንም። አያ ድረስ ከዚያ ወዲህ ማንንም አላስመሰለም። በሠርግ ቤት ሰው ሲለምነው፣ «ረስቼዋለሁ» ይል ነበር።

ቀጣዩ ተራ ሲመጣ እኔም ማንም ሳይቀሰቅሰኝ ተነሥቼ ሄድሁ። ሌሎችም ሰዎች መጥተው ነበር፤ ለምን እንደመጡ የተናገረ የለም። አባቴ ብረቱን ይዞ ብዙ ቆየ። ስሙን ሊያልፈው ነው አልሁ በልቤ። አላለፈውም።

«የታከለ ልጅ፣ ልጃለም!»

«አለሁ።»

ድምፁ ገና ከአባቴ አፍ ሳያልቅ ነው የመለሱት። እትየ ይታይሽ ነጠላቸውን እንደሚያርስ ወንድ ወገባቸው ላይ ታጥቀው ከማሳው ራስ ቆመዋል። ድምፃቸው የራሳቸው ነበር፤ ደረቅና አጭር፤ ማንንም አያስመስልም። ስሙ የሳቸው አልነበረም። ተራውን በአፉ የሰጣቸውም የለም። አባቴ አልተንቀሳቀሰም። ውሃው ከብረቱ ጀርባ ሲንቦጫረቅ ይሰማኝ ነበር።

«መልሰዋል እኮ አያ ወርቁ» አለ አንድ ሰው። «የሙት ተራ» ብሎ የነበረው ሰው ነው። አባቴ ብረቱን አነሣ።

ለምን እንደመለሱ ሰው የየራሱን ይላል። ለጌሾው ብለው ነው የሚል አለ። እኔ የሚመስለኝ ሌላ ነው። ያንን ቃል ከሌላ ሰው አፍ ዳግመኛ እንዳይሰሙት ቀድመው ያዙት።

ጌሾው ዳነ። እሳቸውም እስኪያረጁ ድረስ በልጃቸው ስም እየተጠሩ መለሱ። ጦርነቱ አልቆ ከመንደራችን የሄዱት አንዳንዶቹ ተመለሱ፤ አንዱ በምርኩዝ፣ አንዱ ዓይኑን አጥቶ። ስለ ልጃለም አየሁ የሚል አልተገኘም፤ ቀበርሁ የሚልም አልተገኘም። ለቅሶ አልተቀመጡለትም፤ ተዝካር አላወጡለትም። እኔ አግብቼ ከተማ ገባሁ፤ ወለድሁ፤ ባሌንም ቀበርሁ። እትየ ይታይሽ ሲደክሙ ልጠይቃቸው ሄድሁና ሰው ከቤቱ እስኪወጣ ጠብቀው የልጃለምን የክርስትና ስም በጆሮየ ነገሩኝ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁም፤ እሳቸውም አልነገሩኝም። በሳምንቱ አረፉ።

አዲሱ መዝጊያ በጥር ተተከለ። የሚዞር እጀታ አለው፤ ልጅ እንኳ ይከፍተዋል። ጌትነትን አሁን ባለተራውን እንዴት እንደሚጠሩት ጠየቅሁት።

«በስልክ ነዋ አክስቴ።»

«ካላነሣስ?»

«ሚስ ኮል አይቶ ራሱ ይደውላል» አለና ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

በዚያው ሳምንት እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቄሱ በጸሎት የሚታሰቡ ስሞችን ይቀበሉ ነበር። የባሌን ስም፣ የአባቴን ስም፣ የእትየ ይታይሽን ስም ሰጠሁ። ከዚያ በጆሮየ የነገሩኝን ያን ስም ጨመርሁ። ለማንም ተናግሬው የማላውቀው ስም እንዲህ በቀላሉ ከአፌ ሲወጣ ለራሴም ገረመኝ።

«ይህ ከሙታን ነው?» አሉኝ ቄሱ።

ከኋላየ ሰው ተሰልፎ ይጠብቃል።

«አላውቅም አባ» አልሁ።

ቀና ብለው አዩኝ። «ወሬው ከጠፋ ቆየ?»

«ቆየ።»

ጥቂት አሰቡ። «እንግዲያው ከሕያዋን ጋር ላንሣው። እግዚአብሔር ያለበትን ያውቃል።»

«እሽ» አልሁና ቦታውን ለሌላ ሰው ለቀቅሁ።

በሐይቁ ዳር በእግሬ ተመለስሁ። ካለ፣ አሁን እንደኔ አርጅቷል። ይህን እስከዚያ ቀን ድረስ አንድም ጊዜ አስቤው አላውቅም ነበር።